ጣሳውን ማን ይያዘው?

(ለወጣት ፕሮግራመሮች ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። «እ…» ያልኩባቸውን ቦታዎች አውጥቻለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አመሻችሁ? … እሺ፣ አሁን ሰው እንዳለ አወቅኩ።

ከሥራ ወጥታችሁ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ርዕሴን ለአዘጋጆቹ ስነግራቸው አንዷ በትህትና «ጋሼ፣ ሰው እንዳይተኛብዎት» አለችኝ። ልጄ፣ እዚህ ነሽ? እስካሁን ማንም አልተኛም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ። በዚህ ጉዳይ አንዴ ተዋርጄ ስለማውቅ ነው፤ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ርዕሱ ይኼ ነው። መረጃ ከአንዱ ድረ ገጽ ወደ ሌላው የሚጓዝበትን ፎርማት ማን ይቆጣጠረው? ማን ይጻፈው? ማን ያሻሽለው? ማንስ «በቃ፣ ከእንግዲህ አይነካም» ይበል?

ወደ ኮምፒውተር ከመግባታችን በፊት ግን ገበያ እንሂድ።

ልጅ ሆኜ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይዛኝ ትሄድ ነበር። አተር፣ ባቄላ፣ አንዳንዴ ምስር እንገዛለን። እህሉ የሚሰፈረው በጣሳ ነው። አንድ ቀን እናቴ ከአንዲት ባለ አተር ጋር ተያያዘች። የሴትየዋ ጣሳ ቂጡ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጧል። ከላይ ስታዩት ሙሉ ጣሳ ነው፤ ሆዱ ግን የለም። እናቴ ዝም አላለችም፤ ከዘንቢሏ የራሷን ጣሳ አወጣች። ሴትየዋ ገልበጥ አድርጋ አየችውና ሳቀች። «እትዬ፣ የእርስዎስ ቂጡ አብጦ የለም እንዴ?» አለቻት።

እውነቷን ነበር። እናቴ በዋዜማው ጣሳውን ከውስጥ በዘነዘና ስትመታው አይቻለሁ። እኔ ምን እየሠራች እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አጠገባቸው አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ነበረች። ሽንኩርት በመደብ ነው የሚሸጠው፤ መስፈሪያ አያስፈልጋትም። ውኃ የምትጠጣበት ጣሳ ግን አላት። ጭቅጭቁ ሲሰለቻት ተነሳች። ጣሳዋን ውኃ ሞላችና በባለ አተሯ ጣሳ ገለበጠችው፤ ፈሰሰ። ደግማ ሞላችና በእናቴ ገለበጠችው፤ ጎደለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሁለቱም አፈሩ። አተሩ በባለ ሽንኩርቷ ጣሳ ተሰፈረ። እናቴ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጣሳውን ማን ይያዘው? ሻጩ? ገዢው? ወይስ ባለ ሽንኩርቷ?

ሦስት ነገር ላነሳ ነው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል። ሁለተኛው ቶሎ ያልቃል። ሦስተኛው የእኛው የራሳችን ነው።

አንደኛውን ልጀምር።

ፖድካስት የምታዳምጡ እስኪ እጃችሁን አውጡ። አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል። አርኤስኤስ የምትጠቀሙስ? አራት ሰው። ተሳስታችኋል፤ ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ። ፖድካስት ማለት ከጀርባው አርኤስኤስ ፋይል ነው። አዲስ ክፍል ሲወጣ ስልካችሁ የሚያውቀው ያን ፋይል አንብቦ ነው። ርዕሱ እዚህ፣ ቀኑ እዚህ፣ የድምፁ አድራሻ እዚህ የሚል ስምምነት ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር ይኖራል? በዚህች ቀላል ነገር ግን ሰዎች ለዓመታት ተቧቅሰዋል።

ማርች 1999 ላይ ኔትስኬፕ የሚባለው የብራውዘር ኩባንያ የመጀመሪያውን አርኤስኤስ አወጣ፤ 0.9 ይባላል። አሠራሩ ለራሱ መግቢያ ገጽ ነው። ሰው ገጹን ሲከፍት ከየድረ ገጹ የመጡ ርዕሶች ተሰብስበው እንዲያይ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ 0.91 ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ኔትስኬፕ ፍላጎቱ ሌላ ሆነና ነገሩን ትቶት ሄደ። ኩባንያ ነው፤ ምን ይደረግ! ጣሳውን መሬት ጥሎ ከገበያ ወጣ።

መሬት የወደቀውን ሁለት ወገን አነሳው። አንደኛው ዴቭ ዋይነር የሚባል ሰውና ዩዘርላንድ የሚባለው ኩባንያው ነው። ዋይነር «ቀላል ይሁን፣ ማንም በእጁ የሚጽፈው ይሁን» ይላል። ሌላኛው አርኤስኤስ-ዴቭ የሚባል የባለሙያዎች ቡድን ነው። እነሱ ደግሞ «ነገ የሚያድግ፣ ሌላ ነገር የሚቀጠልበት ይሁን» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ ሁለቱም አንዱን ስም ይዘው ቀሩ። ዲሴምበር 2000 ላይ በዚያው በአንድ ወር ቡድኑ 1.0ን አወጣ፣ ዋይነር 0.92ን አወጣ።

1.0 ከ0.92 ቀጥሎ የመጣ ይመስላችኋል አይደል? አይደለም። ሌላ ዛፍ ነው። ሴፕቴምበር 2002 ላይ ዋይነር 2.0ን አወጣ። 2.0 የ1.0 ልጅ ይመስላችኋል? አይደለም። የ0.92 ልጅ ነው። ከ1.0 ጋር ስም እንጂ ደም አይገናኙም።

እናንተ ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን እነዚህን ሁሉ የሚያነብ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። እስኪ አንድ ነገር ብቻ ላሳያችሁ። የ2.0 ሰነድ ርዕስ ውስጥ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) መግባት ይችል እንደሆነ አይናገርም። ዝም ነው ያለው። አንድ የሒሳብ መምህር «5 < 7 ለምን?» ብሎ ርዕስ ጻፈ እንበል። አንዱ ፕሮግራም «ያንሳል» የምትለዋን ምልክት እንዳለች ያሳያል። የኤችቲኤምኤል ትእዛዝም በዚያችው ምልክት ስለሚጀምር፣ ሌላው ትእዛዝ መስላው ከተከታዩ ጽሑፍ ጋር ይውጣታል። አንባቢው «5» ብቻ ያያል። ስህተት አልተነገረም፣ ምንም አልጮኸም፤ ርዕሱ ግን ጠፋ። ማን አጠፋ? ጸሐፊው? አንባቢው ፕሮግራም? ሰነዱ ዝም ካለ ዳኛ የለም። ዳኛ ሲጠፋ ደግሞ ብዙ ተጠቃሚ ያለው ፕሮግራም ይፈርዳል።

አሁን ዋይነርን የሚወቅስ ብዙ ነው። «መስፈርቱን እንደ ግል ዕቃው ያዘው» ይሉታል። እኔ ግን ግማሽ ልቤ ከእሱ ጋር ነው። ለምን መሰላችሁ? ጁላይ 2003 ላይ የሰነዱን መብት ለሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት በርክማን ማዕከል አሳልፎ ሰጠ። ማንም እንዲጠቀምበት በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ወጣ። ሰነዱም ከእንግዲህ ቆሟል ተባለ። አዲስ ነገር የሚፈልግ በራሱ ስም አዲስ ፎርማት ይሥራ፤ ይኼኛው አይነካም። አስቡት! ለራሱ ከሚጠቅመው ነገር ላይ እጁን ያነሳ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ጣሳውን ለባለ ሽንኩርቷ ሰጣት ማለት ነው።

ግን ባለ ሽንኩርቷ ውኃ ነው የምትጠጣበት። ዩኒቨርሲቲው ሰነዱን አስቀመጠ። የርዕሷን ነገር፣ የ«5 < 7»ን ነገር ማን ያስተካክል? ማንም። የቆመው ጥሩው ብቻ አይደለም፤ ጉድለቱም አብሮ ቆመ።

በዚያው በ2003፣ ጁን ላይ ሳም ሩቢ የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ ማንም የሚጽፍበት ገጽ ከፈተና «ከባዶ እንጀምር» አለ። ስም ለማውጣት ብቻ ስንት ጊዜ ተለዋወጡ! መጀመሪያ ፓይ ተባለ፣ ከዚያ ኤኮ፣ መጨረሻ ላይ አቶም ሆነ። ሥራውን ወደ አይኢቲኤፍ ወሰዱት።

አይኢቲኤፍን የማታውቁ ካላችሁ፣ የኢንተርኔትን መስፈርቶች የሚጽፍ የመሐንዲሶች ስብስብ ነው። የአባልነት መታወቂያ የለውም። ድምፅ ቆጠራም የለም። ዴቪድ ክላርክ የሚባል አንጋፋ ባለሙያ በ1992 እንዲህ ብሏል፦ «ንጉሥን፣ ፕሬዚዳንትንና ድምፅ መስጠትን አንቀበልም። የምናምነው በደምሳሳ ስምምነትና በሚሠራ ኮድ ነው።» ስብሰባ ላይ የሰውን ሐሳብ ለማወቅ እጅ አያስቆጥሩም፤ «የምትስማሙ አጉረምርሙ» ይላሉ። ቀልድ አይደለም። አፋቸውን ዘግተው «እምምም» ይላሉ። የሐዘን ቤት የሚመስል ነገር ነው። ግን ብልሃት አለው፤ ማን እንዳጉረመረመ አይታይም፣ ድምፁ የደከመው ወገን ግን ይሰማል። የመጨረሻው ውሳኔ ደግሞ በአዳራሹ አይዘጋም፤ በኢሜይል ዝርዝሩ ላይ ይጣራል። ያልመጣም ሰው መቃወም ይችላል።

አቶም ዲሴምበር 2005 ላይ አርኤፍሲ 4287 ተብሎ ወጣ፤ አርኤፍሲ የአይኢቲኤፍ ሰነዶች መጠሪያ ነው። ርዕሱ ተራ ጽሑፍ ይሁን ኤችቲኤምኤል ጸሐፊው ለይቶ ይናገራል። እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ መለያ ሊኖረው ግዴታ ነው። ቀኑ በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ ይጻፋል። ንጹሕ ሥራ ነው። እኔ ኮዱን ስጽፍ የአቶም ክፍል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ የአርኤስኤሱ ሦስት ሳምንት።

ታዲያ ለምን ፖድካስቶቻችሁ በአቶም አይሠሩም?

አፕል ጁን 2005 ላይ ፖድካስትን አይቱንስ ውስጥ አስገባ። አቶም ከመውጣቱ ስድስት ወር በፊት መሆኑ ነው። አፕል አርኤስኤስ 2.0ን ወሰደና የራሱን ምልክቶች ጨመረበት፤ ለሽፋን ሥዕል፣ ለዘርፍ፣ ለሕፃናት ይሁን አይሁን። ሰነዱን አልነካም፤ ሰነዱ ይህን ይፈቅዳል። ግን ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የፈለገ ሁሉ የአፕልን ምልክት ጻፈ። ጣሳው የሃርቫርድ ነው፤ ክዳኑ የአፕል ነው። ያለ ክዳኑ ደግሞ ማንም አይቀበላችሁም።

እንግዲህ አያችሁ? ኩባንያ ያዘው፣ ጥሎት ሄደ። ግለሰብ ያዘው፣ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ዩኒቨርሲቲ ያዘው፣ አስቀመጠው። ጥሩ ስብስብ የተሻለ ሠራ፣ ዘግይቶ ደረሰ።

አንዲት ነገር ልጨምርና አንደኛውን ልዝጋ። የ0.91 ፊዶች (ፊድ የምለው ድረ ገጹ የሚያወጣውን የአርኤስኤስ ፋይል ነው) መጀመሪያ አካባቢ የኔትስኬፕ ሰርቨር አድራሻ ነበር። «የዚህ ፎርማት ሕግ እዚያ ፋይል ውስጥ አለ» የሚል ነው። ኔትስኬፕ ከተወው ከስንት ዘመን በኋላ፣ ጃንዋሪ 2007 ላይ ያ ፋይል ከቦታው ጠፋ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ደህና የነበሩትን ፊዶች ማንበብ አቃታቸው። ፋይሉ ለጊዜው ተመለሰ። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ አንድ ሰው ሰርቨር ሲያጸዳ ይመስለኛል። በሰው ግቢ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ውኃ ስትቀዱ ኖራችሁ አንድ ቀን ባለቤቱ ግቢውን አጠረው እንደማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ቃል በገባሁት መሠረት አጭር ነው።

ጄሰንን፣ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበትን ፎርማት፣ ሁላችሁም በየቀኑ ትጽፋላችሁ። ዳግላስ ክሮክፎርድ በ2001 አካባቢ ስም ሰጥቶ አስተዋወቀው። ብልህነቱ ምን ላይ ነው? የቨርዥን ቁጥር አልሰጠውም። ቁጥር የሌለው ነገር 2.0 አይወጣለትም። ማብራሪያ መጻፊያ እንኳን ሆን ብሎ ነው ያወጣው፤ ሰዎች በማብራሪያው ውስጥ ለፕሮግራሞቻቸው የግል ትእዛዝ መደበቅ ሲጀምሩ አየ። ስለ ማብራሪያው እስካሁን የምትበሳጩበት አላችሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ግን ገባኝ። ማብራሪያ ቢፈቀድ ኖሮ እንደ አፕል ያለ ክዳን በየቤቱ ታገኙ ነበር።

ዛሬ ጄሰንን ሁለት መስፈርት አውጪ ነው የያዘው፤ ኤክማ የሚባል ድርጅትና አይኢቲኤፍ። አስቂኝ ነው፣ ግን ማንንም አልጎዳም። የሚቀየር ነገር ሲጠፋ የሚጣሉበትም ይጠፋል። ከ2017 ወዲህ በሥርዓቶች መካከል የሚላከው ጄሰን ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት ተብሏል፤ የእኛንም ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚይዝ አጻጻፍ ነው። ይህቺን ያዙልኝ። ለአማርኛ ጸሐፊ ቀላል ነገር አይደለችም።

ኤችቲኤምኤልስ? እዚህ ላይ ሻጮቹ ራሳቸው ጣሳውን ይዘውታል። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ-ሊ በ1994 ያቋቋመው ደብልዩ3ሲ የሚባል ድርጅት ነበር የሚጠብቀው። በ2004 ደብልዩ3ሲ ሌላ መንገድ ሲመርጥ አፕል፣ ሞዚላና ኦፔራ ወጥተው የራሳቸውን ስብስብ መሠረቱ። ለዓመታት ሁለት ኤችቲኤምኤል ይዘን ኖርን። ሜይ 2019 ላይ ተስማሙ፤ ሰነዱ የሚጻፈው በብራውዘር ሠሪዎቹ ቤት ሆነ። ስብስቡን የሚመሩት አራት ናቸው፤ አፕል፣ ጉግል፣ ሞዚላና ማይክሮሶፍት።

ይህ ያስፈራል? ያስፈራል። እኔ ግን ከሚፈራው ያነሰ ነው የምፈራው። ለምን? ውኃው አለ። ብራውዘሮች ሁሉ የሚፈተኑበት የጋራ የሙከራ ክምችት አለ። ለሁሉም ክፍት ነው፤ እናንተ ዛሬ ማታ አውርዳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ጉግል «የእኔ ትክክል ነው» ቢል ሙከራው ይናገራል። ጣሳውን ሻጭ ቢይዘውም፣ ማንም መጥቶ ውኃ ሞልቶ ማየት ከቻለ ቂጡን መቀጥቀጥ ይከብዳል። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ስለ ያዢው ስንጨቃጨቅ ስለ ውኃው እንረሳለን።

አንድ ጥያቄ አለ? … ከኋላ ያለው ልጅ «ሙከራውን የሚጽፉትስ እነሱ አይደሉም ወይ?» ነው ያልከው? ጎበዝ። በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ግን ሌላውም ሙከራ ጽፎ መላክ ይችላል። አይላክም እንጂ። ሦስተኛው ነጥቤ እሱ ነው።

ሦስተኛው። እኛ።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። በ1988 ዓ.ም. (ይኼ በእኛ ነው) የአባላቱን ስም ዝርዝር በኮምፒውተር አስጻፈ። ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ በገጽ ከፍሎ፣ ወረቀቱንና ፍሎፒውን ተቀበለ። ፍሎፒውን በፌስታል ጠቅልሎ ከማኅተሙ ጋር ነበር የሚያስቀምጠው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ተዘጋ። እኔ ፍሎፒውን ቢሮዬ ወስጄ ከፈትኩት። የወጣው የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ጭረት ነው። አንድም የግዕዝ ፊደል የለም።

የዛን ጊዜውን ነገር የምታስታውሱ ትልልቆች አላችሁ። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በገዛ ፈቃዱ ነበር የሚደረድረው። የላቲኑ ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ይሥላል። ቦታው ደግሞ ለሁሉም አይበቃም፤ ስለዚህ ፊደሉን ለሁለት ፎንት የሚከፍል ነበር። ያኛው ሶፍትዌር ጋ «ለ» የሆነው ቁጥር እዚህኛው ጋ «ቸ» ነው። ሠሪዎቹን አልወቅስም። ጀግኖች ነበሩ፤ ማንም ሳያስብልን እነሱ ጻፉልን። ግን ሁሉም በየጣሳው ነበር።

ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው የጋራ መስፈርት፣ ፊደላችንን የመዘገበው በሥሪት 3.0 በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ ለ «ሀ» አንድ ቁጥር፣ ለ «ሐ» ሌላ፣ ለ «ኀ» ሌላ ተሰጠ። እነዚህ ቁጥሮች አይቀየሩም። ዩኒኮድ አንዴ የሰጠውን ቁጥርና ስም አይነካም፤ ተሳስቶም ቢሆን። አንድ የቅንፍ ምልክት ስም ውስጥ የፊደል ግድፈት አለ። እያወቁት እስካሁን እንዳለ ነው። ቢያርሙት የሆነ ቦታ የሆነ ፕሮግራም ይሰበራል። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። የጻፍከውን ሰነድ ከራሱ ውበት የሚያስቀድም መሥሪያ ቤት አገኘሁ!

ዩኒኮድን ማን ይቆጣጠረዋል? ሙሉ ድምፅ ያላቸው ከፋይ አባላት ናቸው፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች። ሐሳብ ግን ማንም መላክ ይችላል። የተላከም አለ። በ2021 በወጣው ሥሪት 14 ላይ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ፊደላት ተጨመሩ። ኩባንያዎቹ በራሳቸው ተነስተው አይደለም። ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ሰነድ አዘጋጅተው፣ ናሙና አያይዘው፣ ጥያቄ ተጠይቀው መልሰው ነው። ባረጀ ስልክ ላይ ዛሬም ሣጥን ሣጥን ሆነው ይታያሉ፤ ፎንቱ እስኪደርስ ነው። ቁጥሩ ግን አላቸው። ቁጥር ያለው ነገር አንድ ቀን ይነበባል።

አሁን ያዋረደችኝን ታሪክ ልንገራችሁ። የእኛ ሚሌኒየም ሲከበር ለአንድ ማኅበር ድረ ገጽ እሠራ ነበር። የበዓሉን ዜና በአርኤስኤስ እንዲወጣ አደረግኩ። ቀኑን ከድረ ገጹ ላይ እንዳለ ነው የወሰድኩት፤ መስከረም 1 ቀን 2000። ኮዴ 1/1/2000 ብሎ ላከው። ታውቃላችሁ ምን እንደሆነ? የእኛ ሚሌኒየም ዜና በሰው ሁሉ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ሆኖ ገባ። በፈረንጆቹ ሚሌኒየም ቀን! ከስድስት መቶ ዜና በታች ተቀበረ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደውለው «ልጄ፣ ዜናችን የት ሄደ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል» ማለት አቃተኝ።

ያኔ በመስፈርቱ ተናድጄ ነበር። «የእኛን አቆጣጠር ለምን አይቀበልም?» ብዬ። ዛሬ አልናደድም። ማሽን ከማሽን ጋር ሲነጋገር አንድ አቆጣጠር ይበቃዋል፤ ለሰው ሲታይ በእኛ ይሁን። ብራውዘሮቻችሁ ዛሬ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃሉ። ዓመተ ዓለም እንኳን አለ! ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሰነዱ አልነበረም።

የስም ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ እናደዳለሁ። በስልካችሁ አድራሻ ስትልኩ የሚሄደው ፋይል ቪካርድ ይባላል። በ1995 አፕል፣ ኤቲኤንድቲ፣ አይቢኤምና ሲመንስ ተሰብስበው ጀመሩት፤ ኋላ ወደ አይኢቲኤፍ ሄደ። በ1998ቱ ሰነድ ላይ ስም ተከፋፍሎ የሚጻፍበት ሳጥን ግዴታ ነበር፤ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም አለን? የለንም። የአባት ስም ነው ያለን። የእኔ ልጅ «ቤተሰብ ስሙ» እኔ ነኝ፤ የእኔ ደግሞ አባቴ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ስንት «ቤተሰብ» ልንሆን ነው? አንድ ቢሮ ለሥራ ሄጄ «አቶ» ብለው የሚጠሩት አባቴን ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ስንት ስብሰባ ተካፈለ!

ማን ጻፈው? አራት ኩባንያ። ከመካከላቸው የአባቱን ስም የሚጠራ ሰው ነበር? እንጃ። በ2011 ሰነዱ ሲሻሻል የተከፋፈለው ሳጥን ግዴታነቱ ቀረ። ሙሉ ስም እንዳለ መጻፍ ብቻ ግዴታ ሆነ። አዎ፣ በሩ ተከፍቷል። ግን ዛሬም አፕሊኬሽን ስትሠሩ፣ እዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ፣ «የቤተሰብ ስም» የሚል የግዴታ ሳጥን የምታስገቡት እናንተ ናችሁ! አትሳቁ። ትናንት የአንዳችሁን አፕ ሞክሬ ነው የመጣሁት። ስም አልጠራም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለአይኢቲኤፍ ስብሰባ ቪዛ አይሰጡንም ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ቲኬቱም ውድ ነው። ግን የኢሜይል ዝርዝሩ ቪዛ አይጠይቅም፤ ውሳኔውም የሚጣራው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ቀላሉን ልንገራችሁ። የሙከራ ፋይል ጻፉ። የሦስት ትውልድ ስም ያለበት አንድ ቪካርድ። «ኀ»ም «ሐ»ም «ሀ»ም ያሉበት አንድ ጄሰን። በ«፡» እና በ«።» የተሞላ አንድ የአቶም ፊድ። ለምታውቁት ክፍት ፕሮጀክት ላኩት። አንዴ ከተቀበሉት ያ ፕሮግራም በተቀየረ ቁጥር የእናንተ ፋይል ይሮጣል። ካነበበው አነበበው፣ ካላነበበው ቀይ ይበራል። ኮሚቴ መግባት አያስፈልግም። ውኃ ይዞ መምጣት ነው።

ሰዓቱ አልቋል መሰለኝ፤ ልጄ በእጇ እያሳየችኝ ነው። አንድ ነገር ልበልና ልውረድ።

የአባቴን ፍሎፒ አልጣልኩትም። ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ወረቀቱ በጎርፍ ተበላሽቷል፤ የቀረው ይኼ ብቻ ነው። ያንን ሶፍትዌር አጥቼዋለሁ፤ ስለዚህ በእጄ እየፈታሁት ነው። እያንዳንዱ መስመር በ«አቶ» ወይም በ«ወ/ሮ» ይጀምራል፤ መነሻዬ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዱ ፊደል ሌላውን ይጎትታል። ከ132 አባላት 123ቱን አንብቤያለሁ። ዘጠኝ ቀርተውኛል። ዘጠኙም ውስጥ አንድ የማላውቀው ቁጥር አለ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ ኃይሉ ነው፣ ኃይለ ማርያም ነው። ግን ጸሐፊዋ በየትኛው «ሃ» እንደጻፈችው አላውቅም። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ አይነግረኝም። ያን ጊዜ በዚያ ሙያ የነበራችሁ፣ ወይም እናታችሁ የነበረች ካለች፣ በቡናው ሰዓት ፈልጉኝ።

አመሰግናለሁ።